የዶሮ መረቅ ውፍረትና የወረፋ ርዝመት፦ በኢቺጆጂ ራመን ቤቶች ላይ የተደረገ ምርመራ

ጤነኛ፣ የተማረና ቤቱ ምድጃ ያለው ሰው አንድ ጎድጓዳ ሳህን የዶሮ ሾርባ ለመብላት ጎዳና ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ለምን ይቆማል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በበቂ አልተመረመረም። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ነገሩ የሥነ ልቦና ነው ብለው ትተውታል፤ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ደግሞ ለጉዳዩ ሲፈለጉ ወረፋው ውስጥ ቆመው ተገኝተዋል። ስለዚህ ምርመራው ምንም ዓይነት ሙያ በሌለው ሰው እጅ ወድቋል።

የጥናቱ ስፍራ ኢቺጆጂ ነው፤ በጃፓኗ ኪዮቶ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከደማቺያናጊ የምትነሣው ትንሿ የኤይዛን ባቡር በሦስተኛ ፌርማታዋ የምታወርድበት ሰፈር። ሰፈሩ ለጠብ አዲስ አይደለም። ሰይፈኛው ሚያሞቶ ሙሳሺ እ.ኤ.አ. በ1604 ከዮሺዮካ የሰይፍ ትምህርት ቤት ሰዎች ጋር የተፋለመው እዚሁ፣ ከአንዲት ጥድ ሥር ነው ተብሎ ይተረካል፤ የዚያች ጥድ ዘር ናት የምትባል ዛፍና የመታሰቢያ ድንጋይ ዛሬም አሉ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም የፈረንጅ ናቸው፤ ወደኛ አቆጣጠር መቀየር የፈለገ አንባቢ ወረፋ ላይ ሲቆም ይቀይር፤ ጊዜ ይተርፈዋል።) አሁን ሰይፉ ቀርቶ ጠቡ ኑድል በመረቅ በሚያቀርቡት ራመን ቤቶች መካከል ሆኗል። ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በአካባቢው የትምህርት ተቋም ስለማይጠፋ ሠራዊቱ ተማሪ ነው፤ ተማሪ ደግሞ በየትም አገር ትኩስ፣ ብዙና ርካሽ ለሆነ ነገር ይሞታል።

እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ መመዝገብ አለበት። ኪዮቶ በምግብ የምትታወቀው በስስነት ነው። ኮምቡ ከሚባለው የባሕር ቅጠል የሚወጣው የከተማዋ መረቅ የሳህኑ ግርጌ ላይ ያለው ሥዕል እስኪታይ ድረስ የጠራ ነው፤ በመረቁ ላይ አንዲት ቁራጭ ቶፉ፣ በቶፉዋ ላይ አንዲት ቅጠል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። የዚህችው ከተማ ልጆች ግን ብርሃን የማያልፍበትን ነገር ፍለጋ ይሰለፋሉ። ኪዮቶ ስለዚህ ጉዳይ ስትጠየቅ ቤተ መቅደሶቿን ታሳያለች።

የምርመራው ዋና ናሙና ጎኬይ የሚባለው ቤት ነው። የምግብ ዝርዝሩ ብዙ አያስጨንቅም፦ ነጩ አለ፣ በበርበሬ የቀላው አለ፣ በነጭ ሽንኩርት የጠቆረው አለ፣ ዓሣ የገባበትም አለ፤ ከሥር ያለው በሁሉም ያው ዶሮ ነው። ዶሮዋ ግን የቱ ጋ እንዳለች ማመልከት አይቻልም። በኛ ወጥ ዶሮዋ 12 ቦታ ተበልታም ማንነቷን አታጣም፤ ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን እንደሚደርስ ባለቤትየዋ ታውቃለች፤ አንድ ቀን ተሳስታ ብታወጣ ለዓመታት ይወራባታል። በኢቺጆጂ ዶሮዋ ለሁሉም እኩል ደርሳለች፤ ማንም ምኗ እንደ ደረሰው አያውቅም፤ ስለዚህ ቅሬታ የሚያቀርብ የለም። ይህ ግኝት ከምግብ ጥናት ወሰን ስለሚያልፍ ለፖለቲካ ሳይንስ ክፍል ተላልፏል።

ውፍረትን ለመለካት መሣሪያ አለ። በርካታ ራመን ቤቶች የፍራፍሬ ጣፋጭነት የሚለካበትን የብሪክስ መለኪያ ተውሰው መረቅ ላይ ይጠቀሙበታል፤ አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ ትደረጋለች፣ ብርሃኑ ምን ያህል እንደ ታጠፈ ይነበባል። በላተኛው የራሱ ዘዴ አለው። ሁለቱን የመብያ እንጨቶች ሳህኑ መሀል ይተክላል፤ ከቆሙ ፎቶ ያነሣል። በጃፓን እንጨቶችን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ለሙታን የሚደረግ ሥርዓት በመሆኑ በማዕድ ላይ ትልቅ ነውር ነው። መረቅ ላይ መትከል ግን፣ ሕጉ ሲወጣ መረቅ እዚህ ደረጃ ይደርሳል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበር፣ በግልጽ አልተከለከለም።

የውፍረቱ ምክንያት ምስጢር አይደለም። የዶሮ አጥንት፣ ቆዳና እግር በኮላጅን የበለጸጉ ናቸው፤ ኮላጅን ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ጄላቲን ይሆናል፤ ከበሉ በኋላ የላይኛውን ከንፈር ከታችኛው የሚያጣብቀው እሱ ነው። ከድስቱ ሥር የሚነደው ኃይለኛ እሳት ደግሞ ስቡን እየሰባበረ በውሃው ውስጥ ይበትነዋል፤ ጄላቲኑ እያንዳንዷን የስብ ነጠብጣብ ከቦ ከእኅቷ ጋር እንዳትገናኝ ይጠብቃል፤ ብርሃን በነጠብጣቦቹ ላይ ሲበተን መረቁ ይነጣል። እሳቱ ለዘብ ቢደረግ ኖሮ ከዚያው ዶሮ፣ በዚያው ድስት፣ ጥርት ያለ ቢጫ መረቅ በወጣ ነበር። ልዩነቱ በሙሉ የምድጃው ቁጣ ነው። (ውሃውና ስቡ አንድ ሆኑ ወይስ ሁለት ናቸው የሚለው ጥያቄ በኛ አገር ሌላ የቆየ ክርክር ሊቀሰቅስ ስለሚችል «አብረው ናቸው» ብለን እናልፋለን።) ነጭ መረቅ ወደ ራመን የገባውም በዕቅድ አይደለም ይባላል። በ1947 በኪዩሹ ደሴት በኩሩሜ ከተማ አንድ የአሳማ አጥንት ድስት ሳይታሰብ ከመጠን በላይ ፈልቶ ነጣ፤ ባለቤቱ ቀመሰው፤ አልደፋውም። በዚህ ዘርፍ የታየው ዕድገት በሙሉ ድስት ባለመድፋት የተገኘ ነው።

ቀደምት ጥናቶች ጥቂት ናቸው። ከሁሉም የሚጠቀሰው ጁዞ ኢታሚ በ1985 ያወጣው «ታምፖፖ» የተባለ ፊልም ነው። ገና ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ሊቅ ለወጣት ደቀ መዝሙራቸው የራመን አበላል ያስተምሩታል፦ መጀመሪያ ሳህኑን በሙሉ ማስተዋል፣ ቀጥሎ ላዩን በእንጨቱ ጫፍ በስሱ መዳበስ፣ ከዚያ የአሳማውን ሥጋ ወደ ዳር ገለል አድርጎ ኋላ እንደሚመለሱበት በመንገር ይቅርታ መጠየቅ። ፊልሙ ኮሜዲ ተብሎ ተመድቧል። ኢቺጆጂ ባንኮኒ ላይ አንድ ምሳ ሰዓት ያሳለፈ ሰው ግን ዶኩመንተሪ የሚለው መደብ ይሻለው ነበር ማለቱ አይቀርም።

ራመን ራሱ ሲታይ የትናንት ልጅ ነው። ኑድሉ የቻይና ነው፤ በ1910 በቶኪዮ አሳኩሳ የተከፈተው ራይራይከን ከዮኮሃማ የቻይናውያን ሰፈር ምግብ አብሳዮችን አምጥቶ ለተራው ሕዝብ ማብላት ጀመረ። ከዚያ ጦርነት፣ ከጦርነቱ በኋላ ረሃብና የአሜሪካ ስንዴ፣ ከስንዴው ጋሪ ላይ የሚሸጥ ራመን። ይህን ክፍል የታሪክ ጸሐፊዎች በደንብ ስለሠሩት እናልፈዋለን። የማናልፈው የ1958ቱን ነው። በዚያ ዓመት ሞሞፉኩ አንዶ የተባሉት ሰው፣ ከኦሳካ ከተማ አጠገብ በኢኬዳ፣ ጓሯቸው ውስጥ በሠሯት ጎጆ ኑድልን በዘይት ጠብሶ ማድረቅን ፈለሰፉ፤ የመጀመሪያው ጣዕምም የዶሮ ሆነ። ዛሬ የአዲስ አበባ ላጤ እራት ሆኖ የሚያመሸው ኢንዶሚ ወላጁ ኢንዶኔዥያዊ ቢሆንም ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚያች ጎጆ ነው። አንዶ ስለ ዶሮ ምርጫቸው ሲያስረዱ ነገሩን በሃይማኖት መዝነውታል፤ ላም የማይበላ ሃይማኖት አለ፣ አሳማ የማይበላም አለ፣ ዶሮን የሚከለክል ሃይማኖትም ባህልም አገርም ግን የለም ብለዋል።

ለታላቁ ፈልሳፊ ካለን አክብሮት ጋር፣ ይህ አባባል ረቡዕን አላየም። ዓርብንም አላየም። የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም ደማምሮ በዓመት ከ180 ያላነሱ ቀናት ዶሮ የማይቀምስ ምእመን መኖሩ በኢኬዳዋ ጎጆ አልተሰማም። በቀሩት ቀናትም «ማን ባርኮ አረዳት?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ በማይበላበት አገር ዶሮ ገለልተኛ ወፍ አይደለችም። አንዶ ዓለምን በሙሉ ሲያስቡ በስሌታቸው ላይ ያመለጠቻቸው ስሕተት እኛ ሳንሆን አንቀርም። ወፍራሙ መረቅ ደግሞ ችግሩን ያብሳል። በቀጭን ሾርባ ዘመን «ሥጋውን አልነካሁም፣ መረቁን ብቻ ፉት አልኩ» ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ በኢቺጆጂ መረቁ ዶሮዋ ራሷ ስለሆነች መውጫ ቀዳዳ የለም። ጥናት አቅራቢው ናሙናውን የወሰደው በፍስክ ቀን መሆኑን ለንስሐ አባቱ በቀን መቁጠሪያ ማረጋገጥ ይችላል፤ የአራጁን ማንነት በተመለከተ ግን ከመንገደኝነት ሌላ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም።

ወደ ወረፋው እንመለስ፤ የምርመራው ጭብጥ ያለው እዚያ ነው። ጎኬይ የተራ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀት የያዘ ሰው ተራው እስኪደርስ እግሩ ወደ መራው መሄድ ይችላል። በሰፈሩ ኬይቡንሻ የሚባል የታወቀ መጽሐፍ ቤት ስላለ ባለ ቁጥሩ እዚያ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ይገኛል። ሲያነብ አላልንም፤ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ወረቀት በማይሰጡት ቤቶች ወረፋው በሥጋ ነው፤ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ፣ የጎረቤት በር ሳይዘጋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። የሚጋፋ የለም፤ «እዚህ ነበርኩ» የሚል የለም፤ ለአክስቱ ልጅ ቦታ የያዘም አልታየም። ሰልፈኛው የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣውን ሰው ፊት ማንበብ። ወጪው ደግሞ ፊቱ እየተነበበ መሆኑን ስለሚያውቅ ፊቱን ያሳምራል፤ ዓይኑን በግማሽ ይጨፍናል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ሆዱን በቀስታ ይዳብሳል። ያቺን ፊት የት እንደ ተማራት መጠየቅ አያስፈልግም። ከአንድ ሰዓት በፊት ቆሞ ሲያነብ የነበረው እሱ ነው።

ሳይንሳዊ ወጉ እንዲሟላ ማነጻጸሪያ ናሙና ተፈለገ። ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ፣ ስሙን የማናነሣው፣ ወረፋ የሌለው ቤት ተገኘ። መረቁ የዶሮ ነው፤ ነጭ ነው፤ ወፍራም ነው። ጥናት አቅራቢው እንደ ገባ ተቀመጠ፣ ወዲያው ቀረበለት፣ በላ። በጣም ጥሩ ነበር፤ ይህም ከባድ ጥርጣሬ ፈጠረ። ባዶ ወንበሮች እያዩት የሚበላ ሰው የገዛ ምላሱን አያምንም፤ «ጥሩ ከሆነ ታዲያ ሰው የት አለ?» ይላል። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል፣ ብቸኛ ደንበኛውን መስኮቱ አጠገብ፣ ከመንገድ የሚታይበት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠው። ሁለት ሦስት ምስክር ለፍርድ ቤት ይበቃ ይሆናል፤ ለሾርባ አይበቃም።

ከዚህ ተነሥቶ ጥናቱ ወረፋውን ከመረቁ ቅመሞች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል፤ ከሌሎቹ የሚለየው ሳህኑ ከመቅረቡ በፊት መጨመሩ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ቆሞ፣ ገብቶ፣ በልቶ «ምንም አይልም» የሚል ሰው በመላው ኢቺጆጂ ቢፈለግ አልተገኘም፤ እንዲህ የሚል ሰው የሚሰድበው ምግቡን ሳይሆን አንድ ሰዓት የቆመውን ራሱን ነውና። ለምግብ አብሳዩ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ሙቅ ውሃ ቢሆን ኖሮ ሰልፉ አንድ ሳምንት አይዘልቅም። የመጀመሪያውን ሰልፈኛ መረቁ አምጥቶታል። የቀሩትን ያመጣቸው የመጀመሪያው ሰልፈኛ ነው።

በሩ ውስጥ ከተገባ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ከሩብ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። ኑድሉ መረቁ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይልመጠመጣል፤ ውጭ ደግሞ ፊት የሚያነቡ ሰዎች አሉ፤ ሁለቱ ተባብረው ጨዋታን ይከለክላሉ። ከአንድ ገበታ በልቶ ላደገ ሰው ይህ ከባድ ነው። ጉርሻን በተመለከተ፣ ኑድሉ አንዱ ጫፍ በጎራሹ አፍ ሳለ ሌላው ጫፍ ከአጉራሹ ሳህን ስለማይወጣ ድርጊቱ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አስቸጋሪ መሆኑ ተረጋግጧል። በተግባር ለመሞከር ፈቃደኛ የሆነ ጎረቤት አልተገኘም።

ዝምታው ግን የንግግር ብቻ ነው። ሁሉም ኑድሉን ይምጋል፤ ድምፁም ከባንኮኒው ጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። በኛ ማዕድ እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ከጠረጴዛ በታች ይቆነጠጣል። እዚህ ምክንያት አለው፦ አብሮ የሚገባው አየር ትኩሱን ያበርደዋል፣ ሽታውንም ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ ይልከዋል። ድምፁ የውጭ እንግዶችን ይረብሻል የሚል ወሬ ጃፓን ውስጥ ተነሥቶ ስለነበር አንዶ ያቋቋሙት ኒሲን ኩባንያ በ2017 ኦቶሂኮ የሚባል ሹካ አስተዋወቀ። ሹካው የመማግ ድምፅ ሲሰማ ለስልክ ምልክት ይልካል፤ ስልኩ ወዲያው ሌላ ድምፅ ለቆ ይሸፍነዋል። ሐሳቡ የተወሰደው ከአገሪቱ የሴቶች መጸዳጃ ቤቶች ነው፤ እዚያ የሚፈስ ውሃ ድምፅ እያሰማ ሌላውን ድምፅ የሚደብቅ መሣሪያ ከተለመደ ቆይቷል። የሹካው ዋጋ 14,800 የን ነበር፤ 5,000 ሰው ካላዘዘ አይመረትም ተባለ፤ የሚበቃ ሰው አላዘዘም። አንድን ሕዝብ ከድምፁ ለማለያየት የተደረገው ይህ ሙከራ በቴክኖሎጂ ረገድ እንከን አልነበረበትም።

ስለ ዋጋ ከተነሣ፣ በጃፓን «የ1,000 የን ግድግዳ» የሚባል ዐይን የማያየው አጥር አለ። ራመን የተራ ሰው ምግብ ነው ተብሎ ስለሚታመን በላተኛው ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ይከፋዋል፤ ስለዚህ ዱቄቱ፣ ጋዙና ዶሮው ሲወደዱ ባለቤቱ ከግድግዳው ሥር ብቻውን ይቀራል። ይህ እንዳይበቃው በሐምሌ 2024 መንግሥት አዲስ የገንዘብ ኖት አወጣ። ብዙ ራመን ቤቶች ምግብ የሚሸጡት በር ላይ ባለ የቲኬት ማሽን ነው፤ ማሽኑ አዲሱን ኖት አላውቅህም አለ፤ ማሽኑን የማስተዋወቁ ወጪ በባለቤቱ ላይ ወደቀ። በአዲሱ 1,000 የን ላይ ያሉት ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ ናቸው፤ በአሮጌው ላይ የነበሩት በ1928 በአክራ በቢጫ ወባ የሞቱት ሂዴዮ ኖጉቺ ነበሩ። ሁለቱም የባክቴሪያ ተመራማሪዎች ናቸው። መንግሥት ሕዝቡ ሾርባ በሚገዛበት ኖት ላይ ይህን ሙያ በተከታታይ ያስቀመጠበት ምክንያት አልተገለጸም።

የቀረው የመጨረሻው ጉንጭ ነው። ኑድሉ ሲያልቅ መረቁ ይተርፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ የግል ነው። የጃፓን የጤና ሚኒስቴር መመሪያ አዋቂ ወንድ በቀን ከ7.5 ግራም፣ ሴት ከ6.5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስዱ ይመክራል፤ አንድ ሳህን ራመን እስከ ግርጌው ከተጠጣ ብቻውን ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። መመሪያው በባንኮኒው ላይ አልተለጠፈም። ከኢቺጆጂ ብዙ ሳይርቅ፣ ኪታሺራካዋ ላይ፣ የቴንካይፒን ዋና ቤት አለ፤ በ1971 በጋሪ ተጀምሮ በመላ አገሪቱ ቅርንጫፍ ያበዛ፣ በወፍራም የዶሮና የአትክልት መረቁ የታወቀ ቤት ነው። በሳህኑ ግርጌ ጽሑፍ አለ፤ ነገም እንጠብቅዎታለን ይላል። ጽሑፉ የሚታየው መረቁን ላሟጠጠ ብቻ ነው። የዛሬ ጨዉን በአንድ ቁጭታ የጨረሰው ሰው፣ ሌላው በላተኛ የማያየውን የነገ ቀጠሮ ይዞ ይነሣል።

የዚህ ቤት ምልክት ክብ፣ ቀይና መሀሉ ላይ ነጭ አግድም ጭረት ያለበት ነው። ሆንዳ ለመኪኖቹ የመንገድ ምልክት አንብቦ ለሾፌሩ የሚያሳይ ካሜራ ሲገጥምላቸው ካሜራው በቴንካይፒን በር ሲያልፍ ማስታወቂያውን «መግባት ክልክል ነው» ብሎ እያነበበ በሾፌሩ ፊት ያበራው ጀመር፤ ነገሩም ጃፓን ውስጥ በሰፊው ተወራ። በዚህ ምርመራ ከተገኙት ታዛቢዎች መካከል ሳይሰለፍ፣ ሳይቀምስና የማንንም ፊት ሳያነብ ብያኔ የሰጠ እሱ ብቻ በመሆኑ ጥናት አቅራቢው ቃሉን በክብር መዝግቦታል። ማስጠንቀቂያውን ያዩት ሾፌሮች ምን እንዳደረጉ ለማወቅ የመኪና ማቆሚያው ታይቷል፤ ሙሉ ነው።